ሦስት ቀን ለብ ባለ ውኃ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ሰው፤ ለወደደውም ለጠላውም እኩል ይስቃልና። ይህን አባባል እንደ እትዬ ጀሶ የኖረበት የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ለዋናው ሐኪም ጥርሷን ስታሳየው ኖራለች። ከጥርሷ በስተጀርባ ምን እንዳለ ግን እሱም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው።

እትዬ ጀሶ የወጣላት ስም ነው እንጂ ስሟስ ሌላ ነው። ሙያዋ ጥርስ ሠሪነት ነው። በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ በመስኮቷ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚታይባት ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ጀሶ ስታቦካ፣ ሰም ስትቀርጽ፣ ሮዝ ድድ ስትሞርድ ትውላለች። ወደ ቤት ስትገባ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ነው። እናቷ ደጃፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይጠብቋትና «ቁሚ እዚያው! ቤቱን ሳትለስኚብኝ» ይሏታል። ቀልደኛ ናቸው እናቷ። ቀልዱ ዛሬም አለ፤ ሳቃቸው ግን ከስምንት ዓመት በፊት ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

የምትቀመጥበት በርጩማ የአባቷ ነው። አባቷም ጥርስ ሠሪ ነበሩ፤ በዚያችው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ሮዝ ድድ ከዱቄትና ከፈሳሽ ይቦካል፤ በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ይታመቃል፤ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ይደነድናል። «ደነደነ ማለት ግን በሰለ ማለት አይደለም» ይሉ ነበር አባቷ። ከዱቄቱ ጋር ያልተያያዘ ጥቂት ፈሳሽ በሆዱ ይዞ ይቀራል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ይወጣና ሥጋውን ይለበልባል። ስለዚህ አባቷ የሠሩትን ሁሉ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይከቱና፣ ውኃውን ጠዋትና ማታ ለብ ባለ እየቀየሩ ሦስት ቀን ያቆዩታል። «ባዳ ነው፤ ሳይታጠብ ቤት አይገባም» ይላሉ። ቀኑ ሳይሞላ ያንን ጠርሙስ የነካ ሰው ከእሳቸው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ሐኪም የምንለው ሰው ያን ጊዜ ክፍሉን መምራት ገና መጀመሩ ነበር። ፈገግታው ከጋዋኑ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። (አንቱ የሚያሰኝ ነገር እስክናገኝበት ድረስ «እሱ» እያልን እንሂድ።) አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው እናት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ እንዲደርስላቸው ጥርስ ታዘዘላቸው። ጥርሱ ተሠርቶ ጠርሙሱ ውስጥ ገና አንድ ቀን እንዳደረ ዋናው ከች አለ።

«አውጣልኝ» አለ። አባቷ የአባቱ እኩያ ናቸው፤ እሱ ግን አንተ ነበር የሚላቸው።

«ቀኑ አልሞላም» አሉ አባቷ።

«ሰዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ኃላፊው እኔ ነኝ፣ አውጣው ብዬሃለሁ!»

አባቷ እጃቸውን ከጠርሙሱ ክዳን ላይ አላነሱም። ዋናው ክዳኑን ከእጃቸው ፈልቅቆ፣ እጅጌውን እንኳ ሳይሰበስብ እጁን ውኃ ውስጥ ሰደደና ጥርሱን አውጥቶ ሄደ። እትዬ ጀሶ አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰም እያቀለጠች ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች።

በሠርጉ ሳምንት የሴትዮዋ አፍ ተላጠ። ላንቃቸው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውኃ መዋጥ አቃታቸው። ትልቁ ሰው ተቆጣ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በተቀመጠበት ቀን ጠዋት ዋናው አባቷን ኮሪደር ላይ ያዛቸውና ጆሯቸው ሥር «ብትናገር ልጅህም አብራህ ትወጣለች» አላቸው። ከዚያ ገባና «ዕድሜው ገፍቷል፤ ቸኩሎ ሠርቶት ነው» ብሎ መሰከረ። አባቷ ተጠየቁ፤ ዝም አሉ። እሷም ተጠየቀች። አባቷን አየቻቸው፤ አባቷ በዓይናቸው «ተይ» አሏት። ተወች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ሰው በአንዲት ገጽ ደብዳቤ «ቸኩሎ» ተብለው ወጡ። በሕይወታቸው ቸኩለው የማያውቁ ሰው!

አባቷ ከዚያ በኋላ የኖሩት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው። ድሮ መንገድ ላይ የሰው ጥርስ እያዩ «ይቺ የእኔ ናት፣ ያቺ የሌላ ናት» እያሉ የሚስቁ ሰው፣ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቀመጥ አበዙ። ሲሞቱም ከንፈራቸውን እንደ ገጠሙ ነው። ከቀብር ሲመለሱ እናቷ በሩ ላይ ቆም አሉና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አፍ አሳጥቶናልና የገዛ አፉ ይመስክርበት» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ነገሩ አልተነሣም። ሳቁማ ቀድሞ ነው የወጣው።

እንግዲህ እትዬ ጀሶ ከሕይወት የምትፈልገው ነገር አንድ ሆነ፤ ያ ሰው በሰው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ ያወጣሁት» ሲል መስማት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እሷ ነገሩን አቀለለችው፤ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ብቻ ያዘች። በአባቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ጠበቀች።

አምስት ዓመት ጠበቀች። በአምስተኛው ዓመት ዋናው የሕይወቴ ሥራ ነው የሚለውን ምርምር ይዞ መጣ። ከሰውነት ጋር የሚስማማ፣ ጠዋት ተሠርቶ ማታ አፍ የሚገባ ሮዝ ድድ ሊያወጣ ነው። ሐኪም ብቻውን አይችለውም ተብሎ ከየትምህርት ክፍሉ ሰው ተጠራ። ኬሚስቱ ያንን ያልተያያዘ ፈሳሽ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል ያለውን አዲስ ዱቄት ቀመመ። መሐንዲሱ ድዱን እያጎበጠና እየሰበረ ጥንካሬውን ይለካል። የሴል ባለሙያዋ ደግሞ ክቧን ናሙና ሕያው ሴሎች አጠገብ አስቀምጣ፣ ሴሎቹ ይኑሩ ይሙቱ በማይክሮስኮፕ ታያለች። በየስብሰባው አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፤ ኬሚስቱ ሲናገር መሐንዲሱ ስልኩን ያያል፣ መሐንዲሱ ሲናገር ሐኪሙ ያዛጋል። ሁሉም ግን ምድር ቤት ወርደው «እትዬ ጀሶ፣ የኮት ቁልፍ የምታህል ክብ ሥሪልኝ» ማለት ያውቁበታል።

የመጀመሪያዎቹን ክቦች የሠራችው ሐሙስ ነበር። መመሪያው እንደተሠሩ ይምጡ ይላል። የሴል ባለሙያዋ ግን ሴሎቼ አልደረሱልኝም፣ ሰኞ ይሁን አለች። እትዬ ጀሶም እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው፣ ክቦቹን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተቻቸው። ሰኞ አውጥታ አስረከበች። ሴሎቹ አንድም ሳይሞቱ ተባዙ። ዋናው ኬሚስቱን አቅፎ አሽከረከረው፤ «ዱቄቱ! ዱቄቱ!» እያለ።

እትዬ ጀሶ «ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ነው እኮ» ልትል አፏን ከፈተች። ዋናው ወደ እሷ ሳይዞር «ይኼን የድሮዎቹ ጥርስ ሠሪዎች ቢያዩት! ሦስት ቀን ሲያንቦጫርቁ ይኖሩ ነበር እኮ!» አለና ሳቀ።

አፏን ዘጋች። ቀስ ብላ፣ ጥርሷ ሳይጋጭ፣ ዘጋችው። እንዲያ ከሆነ ይሁን፣ አለች በልቧ። ይውጣ። ከፍ ይበል። ከምድር ቤት የወደቀ ሰው ምኑም አይሰበርም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ መሰላል ሆነችው። የሚቀጥለው ናሙና መቼ እንደሚፈለግ አስቀድማ ታውቃለች፤ በሦስት ቀን ቀድማ ትሠራለች፤ ጠርሙሱን ከጀሶ ከረጢቶቹ ኋላ ደብቃ ውኃውን ትቀይራለች፤ በቀኑ አድርቃ ወልውላ «አሁን ነው ያወጣኋት» ብላ ታስረክባለች። ሴሎቹ በኖሩ ቁጥር ዋናው አንድ ደረጃ ይወጣል። ጽሑፉ ታተመ፤ ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለወርክሾፑ የቴክኒክ ድጋፍ እናመሰግናለን» ይላል። እሷም በፎቶው ሥር ባለፈች ቁጥር «እንኳን ደስ ያለዎት» ትለው ነበር። ከልቧ ነው ደግሞ።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። አዲሱ ድድ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን እንደ መመሪያው፣ ውኃ ሳታስነካ፣ ደረቁን ትሰጠዋለች። ድዱ አፍ ይልጣል፤ ዱቄቱ ይጋለጣል፤ ዋናው ከነፎቶው ይወርዳል።

ቀኑም መጣ። አሥራ አራት አረጋውያን ተመርጠው የአፋቸውን ልክ ሊሰጡ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። አንድ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልኩ ሲወሰድ «ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ ዛሬ ተለካሁ። ወገቡን ግን ሰፋ አድርጊልኝ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ከእሱ ኋላ አንዲት የድሮ አስተማሪ ገቡ። አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ጀሶ መብራቱን አቀረበች። ድዳቸው ሳስቶ፣ ሥጋው አጥንቱን ሊያሳይ ምንም አልቀረው። ደረቅ ድድ እዚህ ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ድንገት የዚያች የትልቅ ሰው እናት የተላጠ ላንቃ ታወሳት። አባቷን ከሥራቸው ያስወጣው የተላጠ አፍ ነበር፤ አሁን የአባቷን ደም በአሥራ አራት የተላጠ አፍ ልትመልስ ነው? አባቷ ይህን ቢሰሙ በርጩማውን ከሥሯ ይስቡባት ነበር።

ተናደደች። ሦስት ዓመት የቋጠረችው ነገር በአንዲት አሮጊት ድድ ሊፈታ! ጀሶውን ከወትሮው በላይ እየደበደበች ዋለች።

ያዳናት ራሱ ዋናው ነው። በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በሥራዬ እንዴት እንደምተማመን ዓለም ይይ። አሥራ አምስተኛው ሰው እኔ ነኝ!» አለ። ለካስ ያ ከጋዋኑ ቀድሞ የሚገባው ፈገግታ የላይኛው ረድፉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ኖሯል! ኬሚስቱ ደንግጦ ወደ ጣሪያው አየ። እትዬ ጀሶ ግን ያን ቀን ወደ ወርክሾፗ የወረደችው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ።

አሥራ አራቱን ጥርሶች ቀድማ ሠርታ ሦስት ቀን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆየቻቸው። አሥራ አምስተኛውን በዋዜማው ሠራች፤ አወጣች፤ ሞረደች፤ ወለወለች። እንደ መስታወት አበራችው። ውኃ ግን አላሳየችውም።

በርክክቡ ቀን አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። አረጋውያኑ ጥርሳቸውን አደረጉ፤ ልብስ ሰፊው ለጎረቤቱ «ልክክ!» አለው። ዋናው አሮጌ ጥርሱን ከአፉ አውጥቶ፣ ሁሉም እያየው፣ በሁለት እጁ ቀጭ አድርጎ ሰበረው። «የድሮው ዘመን አበቃ!» አለ በባዶ ድዱ፣ እንደ ጨዋታ። አዲሱን አደረገና ፈገግ አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። እትዬ ጀሶ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ታየው ነበር። በሁለተኛው ቀን ውኃ ማብዛት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሲያወራ ምላሱ ላንቃው ላይ እየተመለሰ ይዳብሳል። በአራተኛው ቀን መሐረብ ያዘ፤ የላይኛው ከንፈሩ አብጦ ፊቱን ለሁለት ከፍሎታል። በአምስተኛው ቀን ጥርሱን አወጣው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የዛሬ ስምንት ዓመት ያቺ ሴትዮ የቻሉትን አሁን አንተ ቻለው፣ አለች ወደ ምድር ቤት እየወረደች።

ደስታዋ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። በስብሰባው ላይ ዋናው መሐረቡን አፉ ላይ እንደያዘ ተነሣና «አሥራ አራት ሰው ጤነኛ ነው፤ የታመምኩት እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ አለርጂው የእኔ ነው እንጂ ድዱስ ንጹሕ ነው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መሐንዲሱ እንዲያውም «በገዛ አካሉ የመሰከረ ሰው» ብሎ አመሰገነው። የውጤቱ ጉባኤ ለሚቀጥለው ዓርብ ተቆረጠ።

እትዬ ጀሶ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በገዛ እጇ ሥራ ተናደደች። ለአረጋውያኑ ብላ ያጠበቻቸው አሥራ አራት ጥርሶች ተሰልፈው ለጠላቷ ጠበቃ ቆመዋል። ቢታመሙ ይወድቅ ነበር፤ ዳኑና ዳነ። እንደገና ብትጀምረው ግን እንደገና እንደምታጥባቸው ታውቀዋለች፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በዚያው ቀን ከሰዓት የሴል ባለሙያዋ ወረደች። ትንሽ የምትናገር፣ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ከእያንዳንዱ ጥርስ ጋር ከዚያው ሊጥ የተሠራ እኅት ክብ ይሰጣት ነበርና አሥራ አምስቱንም ሴል ላይ አስቀምጣቸው ኖሯል።

«እትዬ፣ የእሳቸው ክብ ሴሎቼን ፈጀብኝ» አለቻት። «አለርጂ ነው ይላሉ። ሴሎቹ ግን የእሳቸው አይደሉም። ምን ለየው?»

እትዬ ጀሶ ከበርጩማዋ ተነሣች። ከዚያ ከጀሶ ከረጢቶቹ ኋላ ጠርሙሱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ውኃው ውስጥ ስድስት ክቦች ነበሩ። ከጎኑ ሌሎች ደረቅ ክቦች ደረደረች።

«እነዚህን ለራሴ ላረጋግጥ ከድሮው ዱቄት ሠራኋቸው፤ ኬሚስቱ ያልነካው ነው። ሦስት ቀናቸውን ጨርሰዋል። እነዚህ ሌሎቹ ደግሞ ከአዲሱ ዱቄት ናቸው፤ ውኃ አልነካቸውም። ሁለቱንም እይና የሚኖረው የቱ እንደሆነ ንገሪኝ።»

የሴል ባለሙያዋ ረቡዕ ጠዋት ተመለሰች። ደረጃው ላይ ሆና ነው የተናገረችው። «ውኃው ነው። ዱቄቱ ምንም አልሠራም። እትዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ…»

«አዎ። እስከ ዓርብ ጠዋት ያዢልኝ። መጀመሪያ እሱ ይናገር። ካልተናገረ አንቺ ትናገሪያለሽ።»

«እርስዎንም እኮ ይጠይቁዎታል። መመሪያ ጥሰዋል።»

«ይጠይቁኝ። ያን ጊዜ ስጠየቅ ዝም ብያለሁ፤ አሁን የምመልሰው አላጣም።»

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዋናው ራሱ ወረደ። መሐረቡ አፉ ላይ ነው። «ጀሶ፣ ለዓርብ ጥርስ ሥሪልኝ። ከድሮው ዱቄት አድርጊው» አላት። የራሱን ዱቄት ራሱ ፈራው!

«እሺ» አለች። ሠራችውም። ረቡዕ ማታ ከሥራ ስትወጣ ጥርሱ ጠርሙሱ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጉባኤው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዋናው እየሮጠ ገባ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ከላይ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ጠርሙሱ በጠረጴዛው መካከል ቆሟል፤ ጥርሱ ከሥሩ ተቀምጦ ይታያል።

«ስጪኝ።»

«ቀኑ አልሞላም።»

«ምን?»

«ሦስት ቀን ነገ ማታ ነው የሚሞላው።»

«ሰዎቹ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው! ኃላፊው እኔ ነኝ፣ አውጪው ብዬሻለሁ!»

እትዬ ጀሶ ክዳኑን ራሷ ከፈተችና ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋችው። «ያውጡት። ያን ጊዜም እርስዎ ነዎት ያወጡት። እጅዎ መንገዱን አይረሳውም።»

እጁን ሰደደ። እጅጌው እስከ ክርኑ ረጠበ። ጣቶቹ ጥርሱን ነክተው ቆሙ። በርጩማውን አየ፤ ጠርሙሱን አየ፤ እሷን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወደዚያ ወዳበጠ ከንፈሩ የወረደ መሰላት። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አስታውሶት የማያውቀው ነገር አሁን ትዝ አለው።

«የእኔን አፍ… አንቺ ነሽ?»

«አሥራ አራቱን በአባቴ ውኃ ሦስት ሦስት ቀን አጥቤያቸዋለሁ። የእርስዎን ግን እርስዎ እንደጻፉት ነው ያደረግኩት፤ አንድ ፊደል ሳልጨምር። በዚህ ቤት መመሪያዎ የተከበረው በእርስዎ አፍ ላይ ብቻ ነው።»

«አባርርሻለሁ! ዛሬውኑ!»

«ያባርሩኝ። አባቴ ዝም ያሉት እኔ እንዳልባረር ብለው ነበር። እሳቸውም የሉ፣ እኔም ሥራውን ጠግቤዋለሁ። የሴል ባለሙያዋ ሁለቱንም ውጤት ይዛ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። እሷ ከተናገረች ሦስት ዓመት ያጭበረበረ ሰው ይባላሉ። ቀድመው እርስዎ ከተናገሩት ስሕተቱን ያረመ ሰው ይባላሉ። ይኼን እሰጥዎታለሁ፤ በነጻ ግን አይደለም።»

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«አባቴን። ማን እንዳወጣው ይናገሩ።»

እጁ አሁንም ውኃው ውስጥ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ቁናው ግን እንዲህ ልክ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቀስ ብሎ ባዶ እጁን አወጣ። ውኃው ከእጅጌው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ያለ ጥርስ ልቁም?» አለ። ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ያለ ጥርስ። ነገ ማታ መጥተው ይውሰዱት፤ እንከን የለውም። አባቴ ለጠላታቸውም ቢሆን የተበላሸ ጥርስ አይሠሩም ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ በመጀመሪያ ማንም አላወቀውም። መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ መናገር ሞከረ፤ «አይሰማም!» ተባለ። መሐረቡን አነሣ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ አሥራ አምስት ዓመት ጨምሮበታል። «ስ» ባለ ቁጥር ትንፋሹ ይሾልካል። ስለ ዱቄቱ ተናገረ፤ ዱቄቱ እንዳልሠራ፣ አፍ ያዳነው ውኃ እንደሆነ። ኬሚስቱ አቀረቀረ። ከዚያ ቆም አለ። እትዬ ጀሶ ከኋላው በር አጠገብ ቆማ ነበር። አያት። ራሷን አልነቀነቀችለትም፤ ጠበቀችው።

«ይህን የሚያውቁ ሰው በዚህ ቤት ነበሩ» አለ። «ጥርስ ሠሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት። የዛሬ ስምንት ዓመት አንዲት እናት አፋቸው ሲላጥ ቸኩለው ነው ተብለው ተባረሩ። አልቸኮሉም። አታውጣው ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ከመካከል የልብስ ሰፊው ድምፅ «ሦስት ቀን? እኔ ለዚህ ጥርስ ዐሥር ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሦስት ቀን ለማን አነሰው?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ዋናው በባዶ ድዱ ቆሞ የሚስቀውን ሰው አንድ በአንድ አየ።

እትዬ ጀሶ የሳቁን መጨረሻ አልጠበቀችም። ወርክሾፗ ወርዳ ጋዋኗን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። የሴል ባለሙያዋ ተከትላት መጥታ ነበርና ጠርሙሱን አስረከበቻት። «ማታ ውኃውን ቀይሪለት፤ ነገ ጠዋትም። ሙቀቱን በክንድሽ ለኪው። ማታውን ይወስደዋል።»

«መመሪያው ላይ እጽፈዋለሁ» አለቻት። «ሦስት ቀን ለብ ባለ ውኃ።»

«‹ማንም ቢያዝ ቀኑ ሳይሞላ አይወጣም› በይበት» አለች እትዬ ጀሶ፤ በርጩማዋን አንሥታ።

በርጩማው ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። መንገደኛው መሐል መንገድ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ቅንድበ ነጭ ሴት እያየ ያልፋል። የፈለገ ይይ።

እናቷ እርጥብ ጨርቃቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «ቁሚ እዚያው…» ብለው ጀመሩና በርጩማውን ሲያዩ ተዉት።

«አባረሩሽ?»

«ሰኞ ያባርሩኛል። እማዬ፣ ተናገረ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። በሰው ሁሉ ፊት። ‹እኔ ነኝ ያወጣሁት› አለ፤ በገዛ አፉ።»

እናቷ ጎንበስ ብለው በጨርቁ የበርጩማውን መቀመጫ ጠረጉ፤ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ጥርስ አድርጎ ነው?»

«ኧረ በባዶ ድዱ!»

እናቷ ጨርቁን አፋቸው ላይ ከደኑት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እትዬ ጀሶ አለቀሱ ብላ ልትይዛቸው ቀረበች። ጨርቁን ሲያነሡት ሳቅ ነው። በሩን ተደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። አባቷ የሠሩላቸው የላይኛው ጥርስ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።